የድሬዳዋው ዲፖ ሆጤ ላይ

ሆጤ ሰፈር ባለው ቤታቸው እማማ ቡዜ ሙቀጫቸውን አንስተው አሸተቱና ፊታቸውን አጨማደዱ። ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ሲወቀጥበት የኖረ ሙቀጫ ከሰል ከሰል ይላል። ጣታቸውን ሰደድ አድርገው ቢያወጡት እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል።

«ሱሀይላ!»

«አቤት እምዬ!» አለች የልጅ ልጃቸው ከጓዳ።

«ቅመም በምወቅጥበት ምን ወቀጥሽበት?»

«ከሰል ነው። አጥበዋለሁ።»

«አዑዙ ቢላህ! ትፍ! ከእንግዲህ በዚህ የተወቀጠ ማን አፍ ሊገባ ነው?»

ጓዳ ሲዘልቁ የባሰው ጠበቃቸው። ሱሀይላ በካርቶንና በጄሶ አሳንሳ የሠራችው ዲፖ፣ የባቡር ማደሪያና መጠገኛ፣ ካልጋው ጎን ተዘርግቷል። ባቡር በእንፋሎት ይሄድ በነበረበት ዘመን የነበረውን የድሬዳዋውን ዲፖ ከአሮጌ ፎቶ አይታ ነው የሠራችው። የከሰል ክምሩ፣ ባቡሩን ውሃ የሚያጠጣው ማማ፣ እሳቱ የሚራገፍበት የአመድ ጉድጓድ፣ ባቡሩን ተሸክሞ ፊቱን የሚያዞረው ክብ መድረክ፣ አንዱም አልቀረ። ሁሉም ግን አስቀያሚ! ግድግዳው በጥላሸት ታሽቷል። ሐዲዱ መሃል ከጋራዥ የለመነችው የተቃጠለ ዘይት ጠብ ጠብ ብሎበት ይከረፋል። አመዱንም የነፋችው በዱቄት ወንፊት መሆኑን እማማ ቡዜ ሳይነገራቸው አወቁት።

«ሰው የሚያምር ቤት ይሠራል፤ የኔዋ ቆሻሻ ታንጻለች» አሉ አፍንጫቸውን ይዘው።

«መሕሙድ ንጹሕ እንዳታደርጊው ብሎኛል እኮ።»

መሕሙድ እዚያው ከተማ ፒያሳ ላይ የሕንፃ ሞዴል የሚሠራ ሰው ነው። ኮምቦልቻ የሚከፈት አንድ ሆቴል አዳራሹ ውስጥ የሚሽከረከር ትንሽ ባቡር አዞታል። ሱሀይላን «ዲፖውን ሠርተሽ አሳይኝ፤ ከወደድኩት እኔ ጋ ትገቢያለሽ» አላት። ልጅቷ ደግሞ ከምትሠራበት የክር ፋብሪካ መውጣት አለባት። የጥጡ ብናኝ ደረቷን በልቶታል፤ ደረጃ ስትወጣ ሲር ሲር ትላለች። ሐኪሙም ልቀቂ ብሏታል።

እማማ ቡዜን ያንገበገባቸውም ይኸው ነው። ከጥጥ ብናኝ ላምልጥ ብላ በከሰል ብናኝ?

በማግስቱ ሱሀይላ በጠዋት ሚኒባስ ይዛ ኮምቦልቻ ወደ ፋብሪካው ወረደች። እማማ ቡዜ ምንም ላይነኩ ለራሳቸው ቃል ገብተው መጥረጊያ ይዘው ጓዳ ገቡ። ዙሪያውን ብቻ ነበር ሐሳባቸው። ታዲያ ውሃ ሳይረጭ መች ይጠረጋል? አቧራው ይቦንና ደረት ውስጥ ይገባል። በጣታቸው ረጨት ረጨት አደረጉ። አመዱ ቦነነ። ደገሙ። የዲፖው ግቢ አሁንም አመድ ነው፤ ለሱም ረጩለት፤ በጣሳ።

ካርቶኑ ጠጣው። ክቡ መድረክ እንደ ራሰ ቂጣ አበጠ፤ የማማው እግር ተንበረከከ፤ ጥላሸቱና ዘይቱ ተዋህዶ እንደ ቦይ ፍሳሽ ወደ አልጋው ምንጣፍ ወረደ። እማማ ቡዜ በእጃቸው ሊያግዱት ሞከሩና እጃቸው ሲዝለገለግ ትፍ ትፍ እያሉ አራገፉት።

ሱሀይላ ከሰዓት ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«መሕሙድ ነገ ሊያየው ነው» አለች ቀስ ብላ።

«እኔ ነኝ በይው።»

«ምን ልበለው እምዬ? አያቴ ዲፖውን ጠረጉልኝ ልበለው?»

ሳቋ መጣ፤ ሳቁም ሳል ሆነ። በአፏ የምትስበውን መድኃኒት ከቦርሳዋ እስክታወጣ ድረስ እማማ ቡዜ «ያ አላህ፣ በእኔ ዳፋ፣ በእኔ ዳፋ» እያሉ ጀርባዋን አሹ። ትንፋሿ ሲመለስ ግን ቆጣ አሉ።

«ሻሽሽን አፍሽ ላይ እሰሪ። አንቺ መስኮቱ ጋ ሆነሽ ካርቶኑን ቁረጪ። ጥቁሩን የምነካው እኔ ነኝ።»

«እርስዎ? ይጠሉታል እኮ።»

«እጠላዋለሁ! ማን ወደድኩት አለሽ?»

ዲፖውን ግቢ አውጥተው ፀሐይ ላይ አሰጡት። ያበጠውን ነቅለው አዲሱን ለጠፉ። ከዚያ እማማ ቡዜ የአይጥ ጅራት እንደሚይዝ ሰው ጥላሸቱን በሁለት ጣታቸው ያዙ።

«ከማማው ሥር ይጨምሩበት» አለች ሱሀይላ በመስኮቱ።

«ኤጭ!»

«ዘይቱንም ጠብ ያድርጉለት።»

«ጥፍሬ ውስጥ ገባ! ነጃሳ!»

«ጥላሸት ነጃሳ አይደለም እምዬ።»

«ባይሆንም ያቅለሸልሻል!»

ሱሀይላ ከሽቦ ሠርታ ዲፖው ውስጥ ያቆመቻቸው ትንንሽ ሠራተኞች ጋ ሲደርሱ ቆሙ። «እነዚህስ የት ነው የሚታጠቡት?»

«ፎቶው ላይ የለም።»

«ፎቶ አንሺው አፍንጫውን ይዞ ሮጦ ይሆናል። ሰው እንዲህ ጠቁሮ ልጁን ሊያቅፍ? ያለ ውዱእ ሊሰግድ? ገንዳ ሥሪላቸው፤ አለዚያ እጄን አነሳለሁ።»

ሱሀይላ እየሳቀች ከቆርቆሮ ቆርጣ ሠራችላቸው።

መሕሙድ በማግስቱ መጣ። ዲፖው ላይ አጎነበሰ፤ ዙሪያውን ዞረ፤ ወደ አመድ ጉድጓዱ ጠጋ አለና ድንገት አፍንጫውን ያዘ።

«ኡፍ! ምን ይከረፋል!»

አበላሸሁባት አሉ እማማ ቡዜ በልባቸው።

«ወላሂ ባቡሩ አሁን የወጣ ነው የሚመስለው» አለ መሕሙድ ቀና ብሎ። «ሰኞ ግቢልኝ።»

ሱሀይላ እልል ማለት ሲዳዳት እማማ ቡዜ እጃቸውን ዘረጉ፤ ታጥቦም ገና ጥቁር ነው።

«ቆይ አንተ ልጅ። የምትሠሩበት ቤት መስኮት አለው?»

«አለው እናቴ፤ ሰፊ ነው።»

«ይከፈታል?»

መሕሙድ ጭንቅላቱን አከከ። «ለጊዜው በዕቃ ተከልሏል...»

እማማ ቡዜ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው ወደ በሩ አለፉ።

«ባጃጅ ጥራ» አሉት። «ዕቃው ሲነሳ ቆሜ አያለሁ።»