በደህና ዓይኑ ያየው

ልጄን ሰው ሁሉ መዶሻ ይለው ነበር። ስሙን ያወጡለት የቦክስ ተመልካቾች ናቸው። እኔ ያንን ቀኝ እጅ ከእነሱ በፊት አውቀዋለሁ፤ ጡት ሳስጥለው ደረቴን የደበደበኝ በእሱ ነው።

ጎልምሶ ወፍጮ ቤት ጆንያ ይሸከም ነበር። አንድ ቀን አንዱ ጉልቤ ሰደበው፤ እሱም አንዴ አቀመሰው። ሰውየው ዱቄት ላይ ተዘርሮ ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀው የት እንዳለ ነው። ወሬው የቦክስ አሰልጣኙ ጆሮ ደርሶ ቤቴ ድረስ መጣ።

“እትዬ፣ ይህን ልጅ ይስጡኝ” አለኝ።

“ጥጃ ነው እንዴ የምሰጥህ? ራሱን ጠይቀው።”

በአሥራ አንድ ዓመት ሃያ ሰባት ጊዜ ተጋጠመ፤ ሃያ ሁለቱን በዝረራ አሸነፈ። መምታት እንደሆነ ይችላል። መከላከል የሚባል ነገር ግን አልፈጠረበትም። አሰልጣኙ “እጅህን ከፍ አድርግ!” እያለ ሲጮህ፣ “ዣንጥላ ልያዝልህ? እስኪመታኝ ማን ይጠብቀዋል?” ይለዋል። ሰው ይስቃል። እኔም ስቄያለሁ። ጠብቀው የመቱት ግን ብዙ ናቸው።

በኋላ ነው “እማ፣ በግራ ዓይኔ ላይ መጋረጃ ወርዷል” ያለኝ። የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄደ። የግራው ውስጡ ተቀዷል፣ አይመለስም አሉት። የቀኙም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቷል፤ አንድ ከባድ ቡጢ ካገኘው እሱም ይሄዳል። ይህን ሁሉ እየሳቀ ነው የነገረኝ። “የሰው አገጭ ለማየት አንድ ዓይን መች አነሰ?”

ከእያንዳንዱ ግጥሚያ በፊት ቡጢኛ የጤና ወረቀት ያስፈልገዋል። ወረቀቱን የምትሰጠው እኔ ሃያ ዓመት ወለል የጠረግሁበት ክሊኒክ ያለችው ሐኪም ናት። ዓይን የምትመረምረው ግድግዳ ላይ ባለ የመስታወት ሳጥን ነው። ውስጡ ሦስት ጥርስ ያለው ሹካ የመሰለ ምልክት በመስመር በመስመር ተደርድሯል፤ ጥርሱ አንዱ ላይ ወደ ላይ፣ አንዱ ላይ ወደ ጎን ይዞራል። ሐኪሟ አንድ ዓይን አስሸፍና መብራቱን ታበራለች፤ መስታወቱን በዘንግ ቀጭ ታደርጋለች፤ ተመርማሪው ጥርሱ ወዴት እንደዞረ በእጁ ያሳያል። ሁልጊዜ ከግራ ዓይን ትጀምራለች፤ ሁልጊዜ ከአራተኛው መስመር ጫፍ ተነስታ በተራ ትሄዳለች። ችኩል ናት፣ ወደ ኋላ አትመለስም።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ያን መስታወት ግን በየማለዳው መብራቱን አብርቼ ስወለውል፣ የተማሩት እያዩ የማይይዙትን እኔ ከላይ እስከ ታች በቃሌ ያዝኩት። ልጄን ወጥ ቤት አስቀምጬ፣ ዓይኑን አስጨፍኜ፣ ብርጭቆውን በማንኪያ ቀጭ አደርጋለሁ። ላይ፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ግራ፣ ላይ። ሁለት ጊዜ እንዲህ አለፈ። ሁለቱንም ግጥሚያ በዝረራ ጨረሰ። ኮራሁ። አልዋሽም፣ “ዶክተሯን ያታለለች መሃይም” ብዬ በራሴ ኮራሁ።

ከዚያ የሻምፒዮናው ቀበቶ ግጥሚያ መጣ። በዚያ ሰሞን ምሳ ላይ ከማሰሮው ውሃ ሲቀዳ አየሁት። በአንድ ዓይን ርቀቱ ጠፍቶት፣ ብርጭቆው እዚህ፣ ውሃው እዚያ። ጠረጴዛው ሞልቶ ጉልበቱ ላይ እስኪወርድ ይቀዳል። ክው አልኩ።

“ተው፣ ይቅርብህ” አልኩት።

“እማ፣ ቀበቶውን ካልያዝኩ መዶሻነቴ ምኑ ላይ ነው?”

“ዓይንህስ?”

“አንቺ ብርጭቆሽን ምቺ።”

ለሐኪሟ ሄጄ ልናገር አሰብኩ። ማን አስጠናው ማለቷ አይቀርም። ሃያ ዓመት አንገቴን ቀና አድርጌ በሄድኩበት ኮሪደር አቀርቅሬ ልወጣ? ሞቼ ነው! አሰልጣኙንም አላማከርኩም፤ ሰው ማማከር ዱሮም አልለመደብኝ። ይልቅ አንድ ዘዴ ፈጠርኩ።

“ሰሌዳውን ለውጠውታል” አልኩት። ከራሴ ፈጥሬ ሌላ ተራ አስጠናሁት። ግራ፣ ግራ፣ ታች፣ ላይ፣ ቀኝ፣ ታች። ሁለት ቀን ሙሉ ከአፌ ላይ እየለቀመ አጠና። አንዴም አልተጠራጠረኝም።

በምርመራው ቀን መወልወያዬን ይዤ በሩ ላይ ነበርኩ። ቀኝ ዓይኑን ሸፈነ። ዘንጉ ቀጭ አለ፤ እጁን ወደ ግራ ዘረጋ። ቀጭ፤ ወደ ግራ። ቀጭ፤ ወደ ታች። ሐኪሟ ዘንጓን አወረደች።

“በል ግራውን ሸፍን” አለችው።

ሸፈነ። በደህና ዓይኑ ሳጥኑን አየ። ያው የድሮው ሰሌዳ ነው። ከዚያ ዘንጉን መከተል ትቶ ወደ በሩ ዞረና እኔን አየኝ።

ወረቀቱን ከለከለችው። ኮሪደር ላይ ባልዲዬ ጋ መጥቶ ቆመ።

“ሰሌዳው አልተለወጠም” አለኝ።

“አልተለወጠም።”

“ከሰው ሁሉ አንቺ?”

“ዓይንህን ብዬ ነው።”

“ፊት ለፊት አትነግሪኝም ነበር?”

“ነገርኩህ! ጆሮ ዳባ ልበስ አልክ።”

“እሺ፣ ሴትዮ” አለና ሄደ። እማ ማለቱ በዚያ አበቃ።

በወሩ አንድ መጋዘን ውስጥ ተጋጠመ። እዚያ ወረቀት የሚጠይቅ የለም፤ ሐኪምም የለም። ዳኛ ተብዬውም ሲስቅ የሚውል ነው። አሰልጣኙ ያለ ወረቀት ጥግህ አልቆምም ብሎት ነበር፤ ሰምቶ ሲደርስ አልቋል። ክንዱን ይዞ ቤት ያመጣልኝ እሱ ነው። ልጄ ሁለቱም ዓይኑ ተገልጦ የበሩን ደፍ በእግሩ ይፈልጋል። አላለቀስኩም።

“በሁለተኛው ዙር ሰውየውን ጥሎት ነበር አሉ” አለኝ አሰልጣኙ። “ሰውየው ከተነሳ በኋላ ግን ልጁ ያላየው ቡጢ ከግራ መጣበት። ከዚያ እስከ አራተኛው ዙር ያስቆመው የለም። እኔ ብኖር በመጀመሪያው ቡጢ ፎጣዬን ወርውሬ አስቆመው ነበር፣ እትዬ። የዓይኑን ነገር ካወቅሁ ቆይቻለሁ። ለቀበቶው ግጥሚያ ፎጣውን በእጄ ይዤ ነበር የምቆመው።”

“ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?”

“አልጠየቁኝማ!”

እውነቱን ነው። አልጠየቅሁም።

አሁን ቤት ይውላል። ምግቡን አስቀምጥለታለሁ፤ ይበላል። እጄን ግን አይዝም፣ ግድግዳውን እየዳበሰ ይሄዳል። ፂሙን ልላጨው ብል ፊቱን ያዞርብኛል፤ ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥቶ ይላጨዋል። ከእሱ ጋር ይጫወታል፣ ያን ወፍጮ ቤት የዘረረውን ሰው እያነሳ ይስቃል። የእኔን ኮቴ ሲሰማ ዝም ይላል። ስለዚህ ጫማዬን ደጅ አውልቄ በባዶ እግሬ እገባና ጥጉ ላይ ቆሜ አዳምጠዋለሁ። ፀጉር አስተካካዩ ያየኛል፤ ምስጋና ይግባው፣ አይናገርም።

ባለፈው ቅዳሜ እንዲሁ ቆሜ ሳለሁ፣ ጉንጩ በአረፋ እንደተሸፈነ ወሬውን አቋረጠ።

“ሴትዮ፣ ጫማሽን አድርጊ” አለ። “ሲሚንቶው ይበርዳል።”

ወጥቼ አደረግሁ። ስመለስ ወሬው አልቆ ነበር፤ ምላጩ ብቻ ይሰማል። ቢሆንም አልወጣሁም፣ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።