ከትሪው መጨረሻ የሚነሳ ሰው

ዘወትር ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በእኔ ዲዋኒያ፣ በቤቴ የወንዶች እንግዳ መቀበያ አዳራሽ፣ ለምሳ የምንቀመጠው ዘጠኝ ወንዶች ነን። ከዘጠኙ ሰባቱ ጨጓራቸውን አስቆርጠዋል። እዚህ ኩዌት ይሄ ወሬ እንኳን አይሆንም፤ አንዱ መኪና ሲቀይር ሌላው ጨጓራ ያስቆርጣል፣ ለሁለቱም "እንኳን ደስ ያለህ" ነው የሚባለው። ስምንተኛው አድናን የምግብ ፍላጎት በሚዘጋ መርፌና በእግር ጉዞ የከሳ ነው፤ ውጭው ስለሚያቃጥል ሞል ውስጥ ይዞራል፣ የሱቆቹን ቅደም ተከተል በቃሉ ያውቀዋል። ዘጠነኛው እኔ ነኝ፣ መቶ ስልሳ አንድ ኪሎ። ስሜ ጃሲም ነው፣ ግን በበኩር ልጄ ስም ቡ መሻሪ፣ የመሻሪ አባት፣ ይሉኛል።

ቤቱንም ዲዋኒያውንም የወረስኩት ከአባቴ ነው። ውፍረቱንም እንደዚሁ። አባቴ በሃምሳ አምስት ዓመቱ እንደተኛ ቀረ። እንደ እኔ ያንኮራፋ ነበር፣ እንደ እኔም እንቅልፉ ውስጥ ትንፋሹ ቀጥ ይል ነበር። እኔ አሁን ሃምሳ አራት ሞልቶኛል። ዶክተር ደላል እንቅልፌን እንደገና ካስመረመረች በኋላ ወረቀቱን አስቀምጣ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ ትንፋሼ በሰዓት አርባ ጊዜ እንደሚቆምና ልቤ ይሄን ብዙ እንደማይሸከም ነገረችኝ። ከዚያ ሁለት መንገድ አሳየችኝ። አንዱ ኦፕራሲዮን ነው። ሌላው መርፌ፣ የተመጠነ ምግብና እርምጃ ያለበት፣ ዓመት ሁለት ዓመት የሚፈጅ ክትትል ነው። ሁለቱም ይሠራሉ፣ ሁለቱም ዕድሜ ልክ ጣጣ አላቸው አለችኝ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ወስኜ እንድመጣ ቀጠሮ ሰጠችኝ።

ዲዋኒያ ውስጥ ነገሩን ማንሳቴ ጥፋቴ ነው። ስምንት ሰው ስምንት ሐኪም ሆነ። ጠላል ሸሚዙን ገልቦ ጠባሳዎቹን አሳየኝ፤ አምስት ትናንሽ ጭረቶች ናቸው፣ በሦስተኛው ቀን በእግሩ ቤቱ ገባ። አድናን ቢላ የሰነፍ ነው አለ። ጠላል ደግሞ መርፌ በተወጋህ ማግስት የሽንኩርት ሽታ ሸሽተህ መኪና ውስጥ የምታድረው አንተ አይደለህም ወይ ብሎ አፉን አዘጋው። በድር ከተቆረጠ በኋላ በአንድ ዓመት ስልሳ ኪሎ ቀንሶ፣ በአራት ዓመት አርባ አምስቱን መልሷል። ቀስ በቀስ በሚልክሼክ ነው የመለሰው፤ ቀስ ብሎ ሲጠጣ ያልፍለታል። መጨረሻ ላይ እንዲህ አለኝ፦

"ቡ መሻሪ፣ ጨጓራ ይቆረጣል፤ ምላስ ግን የሚቆርጥልህ ሐኪም የለም።"

ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። እኔ ከከሳሁ ዲዋኒያው አንድ ሶፋ ያተርፋል ብለውም ሳቁ። ሠላሳ ዓመት በራሴ ሥጋ እየቀለዱ አብሬ ስቄያለሁ፤ እውነቱን ልናገርና መሳቁም ታክቶኛል።

መክሳት አያቅተኝም። ሦስት ጊዜ ከስቻለሁ። አንዴ ሃያ ሁለት ኪሎ አውርጄ ሰፈሩ በሙሉ አየኝ። ችግሩ ኪሎው ሲመለስ ብቻውን አይመጣም፤ ሁልጊዜ ጓደኛ ይዞ ነው የሚመጣው። ሦስቱንም ጊዜ ሩዙን በወጥ ቤት ሚዛን የመዘነችልኝ ባለቤቴ ሰቢካ ናት። ለእኔ ለብቻ ድስት ትጥዳለች፣ የበላሁትን ደብተር ላይ ትጽፋለች፣ ተምሩን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን ትይዛለች። አንድ ቀን ቁልፉን ከእጇ ልቀማ ታግያት ጣቷን ጠምዝዤባታለሁ። ለተምር! ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

እንቅልፏም እንደዚያው ነው። ትንፋሼ ሲቆም በክርኗ ትጎስመኛለች፣ እኔ እንደገና እተነፍሳለሁ፣ እሷ ቀጣዩን ትጠብቃለች። ስድስት ዓመት ሆናት። እኔ እንደሆነ ምንም አላውቅም። ጠዋት ስነሳ ጎኔን ሲያመኝ ምን ነካኝ እላታለሁ፤ ክርኔ ነው ትለኛለች፣ ሻይ እየቀዳች።

አሁን ወደ ትሪው ልምጣ። አባቴ ያስተማረኝ አንድ ነገር ቢኖር የቤት ጌታ ከእንግዳው በፊት እጁን እንደማይሰበስብ ነው። ባለቤቱ እጁን ካነሳ እንግዳ ያፍራል፣ አፍሮም ሳይጠግብ ይነሳል፣ ቤቱም ይዋረዳል። ስለዚህ ዘጠኛችን አንድ ትልቅ ትሪ ከበን ስንቀመጥ እኔ የመጨረሻው እጅ እስኪነሳ እበላለሁ። ጠግቤም እበላለሁ። የጠላል እጅ ሩዙ ላይ እየተንቀሳቀሰ፣ በድር አጥንት እያገላበጠ እኔ እንዴት ልነሳ? ለዶክተሯም ይሄንኑ ነግሬያታለሁ፦ መተው እችላለሁ፣ ግን እንግዳዬን ጾሙን ልስደድ?

አንድ ዓርብ ሰዎቹን ሸኝቼ፣ ሆዴ ተወጥሮ በግድግዳ እየተደገፍኩ ወጥ ቤት ገባሁና ለሰቢካ አማረርኩ። እነዚህ ሰዎች በግማሽ ጨጓራ እንዴት ይሄን ሁሉ እንደሚበሉ አላውቅም፣ የሚገድለኝ የእነሱ ሆድ ነው አልኳት። እጄን ይዛ የተመለሰው ትሪ ፊት አቆመችኝ።

በእኔ ወገን ሩዙ ተዝቆ ብረቱ ይታያል። በሌላው ወገን በሙሉ ሩዙ እንደቀረበ ነው፣ ዳር ዳሩ ላይ ብቻ በጣት ተጫሯል። ጠላል የተቀመጠበት ጋ አንድ ሙሉ ሙዳ የበግ ሥጋ ሩዝ አልብሰው ደብቀውታል።

"ሁልጊዜ እንዲህ ሆኖ ነው የሚመለሰው?" አልኳት።

"ሁልጊዜ።"

"ታዲያ እንዴት አትነግሪኝም?"

"ደስ ብሎህ የምትበላ መስሎኝ ነዋ" አለችና ትሪውን አነሳች።

በሚቀጥለው ዓርብ አንድ አሥራ ሁለት ጉርሻ ያህል ጎረስኩና "አልሐምዱሊላህ" ብዬ እጄን ሰበሰብኩ። ወላሂ፣ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ ነው፤ አባቴ ከመቃብሩ ተነስቶ የሚቆጣኝ መሰለኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ሳልገልጥ ስምንት እጅ ባንዴ ተነሳ። ከዚያ በድር፣ አንተን ስንጠብቅ ስንት ዓመታችን መሰለህ አለኝ። ለካ እነሱም ይሉኝታ ይዟቸው ኖሯል። ባለቤቱ እየበላ ቀድሞ መነሳት ምግቡን መናቅ ነው ብለው ጣታቸውን ሩዙ ላይ ሲያመላልሱ፣ እኔ እነሱ እንዳያፍሩ ስበላ፣ እነሱ እኔ እንዳላፍር የሚበሉ ሲመስሉ ስድስት ዓመት አለፈ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ግን ውስጤ ተናዶ ነበር። ከዚህ ሁሉ ሥጋዬ ስንቱ ኪሎ በይሉኝታ የበላሁት ነው?

ንዴቱ ሲበርድልኝ ደስ አለኝ። በሽታው ታውቋል አልኩ ለራሴ። እጄን በጊዜ መሰብሰብ ከቻልኩ ቢላ ምን ያደርግልኛል? መርፌውንና እርምጃውን እይዛለሁ፣ አለቀ። ይሄን ብሥራት ይዤ ሰቢካ ጋ ሄድኩ፤ ልብስ እያጠፈች ነበር። ኦፕራሲዮኑ እንደቀረ ስነግራት "እሺ፣ ጥሩ ነው" አለች። ያጠፈችውን ልብስ ከጭኗ ላይ አነሳች።

"ሚዛኑን የት አስቀምጬው ነበር?" አለች፤ ተነስታም ልትፈልገው ሄደች።

እኔ ያን ጊዜ ምንም አልገባኝም። እንደውም የጨከነች ሚስት ሆና ታየችኝ፤ እኔ ተደስቼ እሷ ፊቷ የማይፈታው ለምንድን ነው ብዬ አኮረፍኩ።

የቀጠሯችን ቀን ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ዶክተር ደላል ፊት ተቀመጥን፣ እኔ ሰፊው ወንበር ላይ፣ ሰቢካ ከጎኔ። የትሪውን ታሪክ አሳምሬ ተረኩላት። ዶክተሯ ከልቧ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ለስለስ ብላ ጠየቀችኝ፦

"ዓርብ አንድ ቀን ነው፣ ቡ መሻሪ። የቀሩት ስድስቱ ቀናትስ?"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። መኪና ውስጥ ለብቻዬ የምበላው ሳንድዊች ትዝ አለኝ፣ ወረቀቱን ቤት ሳልደርስ የምጥለው። የቢሮዬ መሳቢያ ትዝ አለኝ። እነዚያን ስበላ የሚያፍር እንግዳ አልነበረም። አንገቴን ደፋሁ።

ዶክተሯ አልጨቀጨቀችኝም። የክትትሉን ነገር ማስረዳት ቀጠለች። በሳምንት አንዴ መርፌ፣ ምግብ እየመዘኑ መብላት፣ የተበላውን መጻፍ፣ ቤት ውስጥ የሚያስጎመጅ ነገር አለማኖር። እንዲህ ካለች በኋላ ይሄን ሁሉ ቤት ውስጥ ማን እንደሚያግዘኝ ጠየቀችኝ። "ሚስቴ" አልኩ ሳላስብ፣ ወደ ሰቢካም ዞርኩ።

ተኝታለች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ በሁለት እጇ እንደያዘች፣ ሻርፗ ወደ ኋላ ሸርተት ብሎ፣ አፏ በትንሹ ተከፍቶ። ከዓይኖቿ በታች ያለው ጥቁረት በዚያ ነጭ መብራት ውስጥ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። መቼ እንዲህ ጠቆረ? ዶክተሯ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው ወይ አለችኝ። አይደለችም ልል ነበር። ግን እናቷ ቤት ወሬ መሃል ታንቀላፋለች። ባለፈው ወር መኪና እየነዳች ቀይ መብራት ላይ አሸልቧት ከኋላ በጥሩምባ ነው ያነቋት፤ እኔም አብሬ ስቄባታለሁ።

"ለኦፕራሲዮኑ ይመዝግቡኝ" አልኩ።

ዶክተሯ እስኪርቢቶዋን አላነሳችም። በድንጋጤ እንዳልወስን፣ ቢላውም ብቻውን እንደማያድን፣ ከኦፕራሲዮን በኋላም ምጥን ምግብ፣ ቫይታሚንና ክትትል እንዳለ ደግማ ነገረችኝ።

"አውቃለሁ፣ በድርን አይቻለሁ" አልኳት። "ለሰው የኔ መንገድ ይሻላል አልልም፤ መርፌው አድናንን አድኖታል። እኔ ግን ሦስት ጊዜ የከሳሁት ይቺ ሴት እየመዘነችልኝ ነው። አራተኛውን እሷ ላይ አልጭንም። ይሄኛው ቢያንስ የሚቆረጠው እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ያለውንም ራሴ እመዝናለሁ።"

እስኪርቢቶዋን አንስታ ጻፈች። ቀኑ ከሁለት ወር በፊት አይደርስም፤ እስከዚያ ግን በእንቅልፌ አየር የሚሰጠኝን የአፍንጫ መሣሪያ መውሰድ አለብኝ አለችኝ። ባለፈው ዓመት ታዞልኝ የመለስኩትን። አንድ ቀን ብቻ አድርጌው ልጆቼ ስለሳቁ፣ ዲዋኒያ ውስጥ ቢሰማ ምን ይሉኛል ብዬ በማግስቱ ነው የመለስኩት። ዶክተሯ ልታስቀይመኝ ፈልጋ አልነበረም፣ ግን አፈርኩ። መሣሪያውን ባደርገው ኖሮ ሰቢካ ዓመት ሙሉ በተኛች ነበር። ዛሬውኑ ይዤው እሄዳለሁ አልኩ።

የኦፕራሲዮኑን አደጋ ባለቤቴም መስማት ስላለባት ዶክተሯ ልትቀሰቅሳት ብድግ አለች። እጄን ዘርግቼ ከለከልኳት።

"ይተዉአት፣ ዶክተር። ስትነሳ ይነግሯታል።"

አላህ ይስጣት፣ ቀጣዩን ሕመምተኛ ሌላ ክፍል ወስዳ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችልን። ወንበሬን እንዳይጮህ እያነሳሁ ወደ ሰቢካ አስጠጋሁ፤ ራሷ ዘንበል ሲል ትከሻዬ ላይ አረፈ። አንድ ሰዓት ከሩብ ተኛች። እኔ ሳልንቀሳቀስ ትንፋሿን ሳዳምጥ ቆየሁ። በቀን ብርሃን፣ ያውም ደህና አድርጎ የሚተነፍስ ሰው፣ ለአንድ ሰዓት ከሩብ ብቻ ነው የጠበቅኩት፤ ደከመኝ።