የሂልዳ አስተማሪ

ለማስተማር ተቀጥሮ ተማሪው እንዳያውቅ የሚያደርግ ሰው አደራ በላ ነው፤ ሳይቀጣም አይቀርም።

ኖርዌያዊቷ አዋላጅ ሂልዳ ላሊበላ ከመጣች ሁለት ዓመት ሞላት። ደሞዝ የሚባል አስጎብኚ ማታ ማታ አማርኛ ያስተምራታል፤ ቀን ቀን እየተከፈለው ያስተረጉምላታል። እሷ ግን ገበያ ወጥታ በአማርኛ ብትጠይቅ የሚመልስላት አጣች። ሁሉም በተሰባበረ እንግሊዝኛ ወይም በእጅ ምልክት ያልፋታል። ንዴቱ ውስጥ ውስጡን አቃጠላት።

የአከራይዋ የወይዘሮ የትናየት ወንድም ሲሞት፣ በራሷ አንደበት ልታጽናናቸው ቆርጣ ለቅሶ ቤት ብቻዋን ገባች።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እትዬ።»

ወይዘሮ የትናየት ለቅሷቸውን አቋርጠው ደነገጡ። «ኧረ ዝም በይ ልጄ! ራስሽን ስተሽ ልትወድቂብኝ ነው?»

«ለምን እወድቃለሁ?»

«‹አማርኛ ስትናገር ያማታል፣ ሐኪም ከልክሏታል፣ በአማርኛ እንዳታናግሯት› ብሎ ደሞዝ በእመቤታችን አስምሎን የለ!»

«ምንም አላመመኝም!» ብላ ጮኸች ሂልዳ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ጤነኛ ነበርኩ!»

ሴቶቹ ለሟቹ፣ እሷ ለሟቹም ለባከነው ዘመኗም አለቀሱ።

ደሞዝ የአስተርጓሚነት እንጀራው እንዳይቋረጥበት ሲል ይህን ማድረጉን አመነ። ወሬው የደረሰው የአስጎብኚዎቹ ማኅበርም የአስጎብኚነት ባጁን ነጥቆ አሰናበተው፤ የገና እንግዶች ሲጎርፉ ያለ ሥራ ተቀመጠ።