የማይፈታ ስፌት

«እጅሽን አስገቢ አልኩሽ! እጅጌው ይኸውና!»

አክስቷ ጥቁሩን ሹራብ እንደ ሕፃን ልታለብሳት ትታገላለች። ቁልፌ አልጋው ላይ ተቀምጣ ክንዷን ሰጥታታለች። ከሳሎን የወንበር መጎተትና የ«ነፍስ ይማር» ድምፅ ይመጣል። አባቷ የተቀበረው ትናንት ነው። ውጭ አናት የሚበሳ ፀሐይ ወጥቷል።

«እትዬ፣ ይሞቃል እኮ።»

«ይሙቃ! ሰዉ የመጣው ወንድሜን ሊያለቅስልኝ ነው እንጂ ያንቺን ክንድ ሲያነብ ሊውል ነው?»

ወዲያው ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ግንባሯን ሳመቻት። አክስትየው እንዲህ ነች፤ ቁጣዋና መሳሟ ተከታትለው ነው የሚመጡት።

ቁልፌ የቤት ስሟ ነው። በሁለት ዓመቷ ከአባቷ የመስፊያ ጠረጴዛ ሥር የኮት ቁልፍ አንስታ ዋጠች። ቁልፉ በሦስተኛው ቀን በሰላም ወጣ፤ ስሙ ግን ተጣብቆ ቀረ። አባቷ አርባ ዓመት ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነበር። እሷ ደግሞ ንቅሳት ትሠራለች፤ የራሷም ሁለት ክንዶች ከአንጓ እስከ ትከሻ ተነቅሰዋል። «ሁለታችንም በመርፌ ነው የምንኖረው» እያለች ልታስቀው ትሞክር ነበር። እሱ ግን በዚህ ቀልድ አንድም ቀን አልሳቀም።

ሱቋ ከሱ ሱቅ ሁለት የአውቶቡስ ፌርማታ ቢርቅ ነው። በከፈተችበት ቀን ከጠዋት ጀምሮ በር በሩን ስታይ ዋለች። «ሥራ በዝቶብኝ ነው» አለ በማግስቱ። ከዚያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሥራ በዛበት። በሳምንት አንድ ቀን እሷ ትሄድለታለች፤ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤት ሲያወሩ ይውላሉ። ስለ ሥራዋ ግን አይጠይቃትም፤ እሷም አትነግረውም። አሁን ልቡ በድንገት ቀጥ ብሎ ሳይሰናበታት ሄደ። ቁልፌን የሚያንገበግባት ሞቱ ብቻ አይደለም። አፍሮብኝ ይሆን የሞተው? የሚለው ነው። ይህን የሚመልስላት ሰው ደግሞ መሬት ገብቷል።

የመጀመሪያውን ንቅሳት የተነቀሰችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ያውም እሱን ለማስደሰት። ትልቁን የጨርቅ መቀሱን ክንዷ ላይ አስነቅሳ እየሮጠች ሄደችለት። አባቷ ከንፈሮቹ መሐል የያዛቸውን ስፒሎች አንድ በአንድ አውጥቶ መነጽሩን አደረገ። ክንዷን ወደ መስኮቱ አዙሮ ብዙ አየው።

«ይኼ የኔ መቀስ አይደለም።»

«እንዴት?»

«እኔ ግራኝ ነኝ። ይኼ የቀኝ እጅ መቀስ ነው።»

እውነቱን ነበር። የግራኝ መቀስ ስለቱ የሚደራረበው በተቃራኒው ነው። ይህን ነገር ከሱና ከሷ በቀር ልብ የሚል ሰው አይገኝም፤ እሷም ብትሆን ልብ ያለችው ከተነቀሰች በኋላ ነው።

«አሁን ምን ልታደርጊው ነው? ትፈቺዋለሽ?» አለ። አልተቆጣም፤ እንዲያውም ያሳዘነችው ይመስል ነበር። «ሰው ይወፍራል፣ ሰው ይከሳል፣ ሐሳቡንም ይቀይራል። ስፌት የሚፈታው ለዚህ ነው። መፈታት የማይችል ነገር እኔ አልሰፋም።»

«እኔስ? እኔን ወልደህ ትፈታኛለህ?»

ስፒሎቹን ወደ አፉ መለሰ። ስፒል ከጎረሰ ሰው ጋር ደግሞ ክርክር የለም።

በዚያው በለቅሶው ሁለተኛ ቀን፣ ቀትር ላይ ሙቀቱ ባሰ። ቁልፌ ፔርሙሱን ይዛ ለእንግዶች ቡና ስትቀዳ ላቧ ከአገጯ ይንጠባጠብ ጀመር። አክስትየው አላስችል አላት። «ነይ ወዲህ፣ አውልቂው! አንዱን ቀብሬ ሳልጨርስ ሌላ ልቀብር ነው?» ብላ ሹራቡን በገዛ እጇ ገፈፈችላት። እንደተፈራው ወሬው ተጀመረ።

ጎረቤታቸው የሆነ አንድ ሾፌር የሸሚዙን እጅጌ ጠቀለለ። ክንዱ ላይ የደበዘዘ የሴት ስም ተነቅሷል። «ይቺ ከባለቤቴ በፊት የነበረችው ናት» አለ። «ሃያ ዓመት ሙሉ በገዛ ቤቴ እጅጌ ጠቅልዬ አላውቅም።»

«ይኸው!» አለች አክስትየው። «ወንድሜ ምን አለ!»

«የገዛ ቆዳዋ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» አሉ ጥግ የተቀመጡ አንዲት ጡረተኛ መምህርት።

«የገዛ ቆዳዋ? ዘጠኝ ወር የለፋችበት እናቷ ነች፣ ነፍሷን ይማረው! አንዲት ነጥብ ሳይኖርበት ነበር ያስረከበችን።»

«ስሙን ወደ አበባ ልለውጥልዎት እችላለሁ» አለች ቁልፌ ለሾፌሩ፣ ነገሩን ለማብረድ።

«ባለቤቴ ‹አበባውን ለማን ይዘህ ነው?› ብትለኝስ?» አለ ሾፌሩ። ለቅሶ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አክስትየው እንኳ አፏን በመሐረብ ሸፈነች። ቁልፌም ሳቀች፤ አባቷ ቢኖር ይሄኔ አንገቱን ደፍቶ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ግን ብርጭቆ ልታጥብ ወደ ወጥ ቤት ስትሄድ የአክስቷን ሹክሹክታ ሰማች። ለጎረቤት ነው የምታወራው።

«አፍሮባት ነው የሞተው። አንድ ቀን እንኳ ደጇን ረግጦ አያውቅም። እኔንም የሷን ሥራ አታንሺብኝ ይለኝ ነበር።»

ቁልፌ ትሪውን እንደያዘች ኮሪደሩ ላይ ቀረች። አክስትየው አትዋሽም፤ ክፋትም አታውቅም። የጎዳትም ይኼው ነው። ወደ ሳሎን ተመልሳ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እንግዶቹ ናፍቆቱ አሁን ገና ያዛት ተባባሉ። አክስትየው ራሷ መጥታ ጀርባዋን እያሻሸች «አይዞሽ የኔ እናት» ስትላት አመሸች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንዲት ወፈር ያለች ሴት ገና ከበሩ እያለቀሰች ገባች። ቁልፌ ወዲያው አወቀቻት፤ ከአራት ዓመት በፊት የሠራችላት ዳቦ ጋጋሪ ነች። ግራ ክንዷ ከአንጓ እስከ ክርን በምድጃ ተቃጥሎ ነበር። ቁልፌ በአምስት ቀጠሮ ጠባሳውን በስንዴ ዛላ ሸፍናላታለች። ዛሬ ክንዷን ገልጣዋለች፤ ስንዴው ከነዛላው ይታያል።

«አባቴን ታውቂዋለሽ እንዴ?» አለቻት ገርሟት።

«አሥር ዓመት የሰፉልኝ እሳቸው አይደሉ!»

«እኔ ጋ ስትመጪ ‹ሰው ነግሮኝ› ነበር ያልሽኝ።»

«ሰውየው እሳቸው ናቸዋ።»

አክስትየው በእጇ የያዘችውን ትሪ ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ጠባሳው እንዳይታይ ረጅም እጅጌ ነበር የሚሰፉልኝ» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ አፍንጫዋን ጠርጋ። «ምድጃ ፊት ስቆም ዳቦውና እኔ እኩል ነው የምንበስለው። አንድ ቀን ሲለኩኝ ተዝለፈለፍኩባቸው። ውኃ አጠጡኝና ‹አሥር ዓመት ሙሉ ሙቀት ስሰፋልሽ ኖሬያለሁ፤ ልጄ ጋ ሂጂ› አሉኝ። ‹እኔ እንደላክሁሽ ግን እንዳትነግሪያት። አልወድም ስል ኖሬ አሁን በምን አፌ?›»

«ይኼ ግትር!» አለች አክስትየው። እንባዋ መጣ።

«ከዚያ ጠመኔያቸውን አንስተው ክንዴ ላይ አሰመሩልኝ። ከጠባሳው ሁለት ጣት ያህል አልፈው ነው ያሰመሩት። ‹የተቀደደ ሲጣፍ እራፊው የሚይዘው ደህናው ጨርቅ ላይ ነው፤ እዚህ ድረስ ትምጣ› አሉ። መስመሩ እንዳይጠፋብኝ አውቶቡስ ላይ ክንዴን ከሰው እየሸሸግሁ ነው አንቺ ጋ የደረስኩት።»

ቁልፌ አፏን በእጇ ያዘች። ነጭ ብናኝ ነበር፤ አስታወሰችው። ንቅሳት የሚሠራ ሰው ከሁሉ በፊት ቆዳውን በአልኮል ያጸዳል፤ እሷም አጽድታዋለች።

«ዱቄት መስሎኝ!» አለች። «ዳቦ ጋጋሪ ነኝ ስላልሽኝ… ዱቄት መስሎኝ ጠረግሁት።»

የአባቷ እጅ ነበር። ስምንት ዓመት በር በሩን እያየች የጠበቀችው ሰው በሌላ ሰው ክንድ ላይ መጥቶላት ነበር። እሷ በጥጥ ጠርጋ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው።

«እኔም ደንግጬ ነበር፣ ግን እንዳልናገር ቃል አስገብተውኛል» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ። «ዝም ብዬ ሳይሽ እስክሪብቶሽን አነሳሽና እዚያው ላይ መልሰሽ አሰመርሽው። ሁለት ጣት አልፈሽ።»

«መስፊያ ጠረጴዛው ሥር ነው ያደግሁት» አለች ቁልፌ።

«ሲያልቅ ሄጄ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ዳር ዳሩን በጥፍራቸው ዳበሱት፣ ልክ ስፌት እንደሚያዩት። ‹ጠርዙን ይዛዋለች› አሉ።»

አክስትየውና ቁልፌ ተያዩ። ያ ሰው ይህን የምስጋና ቃል ለሰው ሥራ ሲናገር የሰማ የለም። ለራሱ ሥራ እንኳ በዓመት አንዴ ቢለው ነው።

«ሌላስ? ሌላስ ምን አለ?»

«‹ንቅሳት አሁንም አልወድም› አሉ። ‹ይኼን ግን ፍታው ቢሉኝ አልፈታውም።› ከኔ በኋላም ሌሎች ልከውልሻል፤ ማስመሩን ግን ተዉት። መንገዱን ታውቀዋለች ይሉ ነበር።»

«አላፈረብኝም?»

«በራሳቸው ነበር የሚያፍሩት እህቴ። ነገ ሱቋ እሄዳለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ይሉኛል። ስሄድ ሁሌ ነገ ነው።»

አክስትየው እየተንደረደረች መጥታ ቁልፌን ጥምጥም አለችባት። «ይቅር በዪኝ ልጄ፣ ከጀርባሽ ያላወቅሁትን ለፈለፍኩ» አለች አንገቷ ሥር። ቀና ብላም «ንቅሳቱን ግን እኔም አልወደውም፤ እሱን እንዳትረሺ» አለቻት። ሁለቱም እያለቀሱ ሳቁ።

ቁልፌ ከዳቦ ጋጋሪዋ ፊት ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«የት የት ላይ ነበር ያሰመረው?»

ዳቦ ጋጋሪዋ አላመነታችም። የቁልፌን አመልካች ጣት ይዛ የራሷ አንጓ ላይ አሳረፈችው። በስንዴው ዳር ዳር ወደ ላይ፣ ክርኗን አዙራ፣ በውስጠኛው በኩል ወደ ታች ቀስ እያለች መራችው። በሩ ላይ አዲስ እንግዶች መጥተው ቆመዋል፤ አክስትየው በእጇ ቆዩ አለቻቸው። ጣቷ ከተነሳበት ሲደርስ ዳቦ ጋጋሪዋ ለቀቀችላት። ቁልፌ ግን አላነሳችውም። ብቻዋን ከአንጓው እንደገና ጀመረች።