የታጠበው ታንክ

«ብርድ ልብስ ካለ እዚህ ውስጥ ነው የሚሆነው» አለች አረጋሽ፣ የቁም ሳጥኑን በር ልትከፍት እጇን እየዘረጋች።

ሸፊቃ ከተቀመጠችበት መቼ እንደተነሣች ራሷም አላወቀችውም። ጀርባዋን በሩ ላይ ለጥፋ ቆማለች። «እዚህ የለም። አልጋው ሥር ካለው ሻንጣ አውጪ።»

«ምነው እቴ፣ ወርቅ ነው እንዴ ያስቀመጥሽበት?»

«አረጋሽ፣ በሞቴ።»

አረጋሽ እጇን መለሰች። ከላይኛው ፎቅ የምትኖር ክርስቲያን ጎረቤታቸው ናት። ሥጋዋ ለዚህ ቤት እንደማይሆን ስለምታውቅ፣ የሸፊቃ ባል ሀምዳን ከሞተ ጀምሮ ምስሩንና ጎመኑን በትሪ ተሸክማ ትወርዳለች። ካወረደች በኋላም አትቀመጥም፤ እጅጌዋን ሰብስባ ያገኘችውን ሁሉ ታጥባለች። ብርድ ልብሶቹን ከሻንጣው አውጥታ በክንዷ ታቅፋ ስትወጣ ሸፊቃ ከበሩ ላይ ተላቀቀች።

ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ የጫማ ካርቶን ውስጥ፣ አንድ ታንክ አለ። የፕላስቲክ ነው፤ ርዝመቱ ከስንዝር ትንሽ ይበልጣል። ባሏ በገዛ እጁ የገጣጠመው ነው።

ሳሎን ፍራሽ ላይ ደግሞ የሀምዳን እናት ዓሪፋ ተቀምጠዋል። ከወሎ የመጡት ከጦርነቱ በኋላ ነው፤ ሴት ልጃቸውን ሲሐምን ቀብረው። ሲሐም የሞተችው በቦምብ አልነበረም፣ በጥይትም አልነበረም። ወደ ኋላ የሚሄድ ታንክ የቤቱን ግድግዳ ገፍቶ ጣለባት። ያን ጊዜ ስልክ ተቋርጦ ስለነበር መርዶው እነ ሀምዳን የሚኖሩበት ፈረንጅ አገር፣ አሌክሳንድሪያ የደረሰው አፈሩ ከደረቀ በኋላ ነው። ለሸፊቃ ሲሐም የባሏ እህት ብቻ አልነበረችም፤ የልጅነት ጓደኛዋም ናት። ከሀምዳን ጋር ያገናኘቻቸውም እሷው ነበረች።

እናትየው ከመጡ ወዲህ በዚህ ቤት ታንክ የሚባል ቃል አይነሣም። ቴሌቪዥኑ የየትኛውንም አገር ጦርነት ሲያሳይ ሸፊቃ ቶሎ ብላ ቻናል ትቀይራለች። ይህን ሁሉ ስትጠነቀቅ፣ ሀምዳን ያንኑ ነገር ገዝቶ ቤት አስገባው።

የገዛበትን ቀን አትረሳውም። ሲልቨር ስፕሪንግ ከምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ሊወስዳት መጥቶ ነበር። መኪና ውስጥ ስትገባ የኋላ ወንበር ላይ ሥዕል ያለበት ካርቶን አየች።

«ለማን ልጅ ነው?»

«ለእኔ።»

ሳቀች፤ ቀልድ መስሏታል። እሱ ግን ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ፣ ልጅ ሆኖ ደሴ አንድ የውጭ አገር ሐኪም ወደ አገሩ ሲመለስ እንዲህ ያለ ተገጣጣሚ እንደሰጠው፣ ሙጫ ስላልነበረው በብስክሌት ማስቲሽ እንዳጣበቀው ነገራት። «እጄ ያስታውስ እንደሆነ ልየው ብዬ ነው» አለ።

እጁ ምንም አላስታወሰም። የመጀመሪያውን ሲሞክር ጣቶቹን እርስ በርስ አጣበቀ። ጎማዎቹን በተቃራኒው ገጠመ። ሰንሰለቱን ሲያለብሰው ተበጠሰበት። ሃምሳን ያለፈ ሰው ከዶላር ስቶር በርካሽ የገዛውን መነጽር አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ፣ የእሷን የቅንድብ ወረንጦ ይዞ፣ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ የፕላስቲክ ቁራጭ ምንጣፍ ላይ ሲፈልግ ታገኘዋለች። የተበላሸውን ጥሎ ሌላ ገዛ። ተመሳሳዩን፣ ያንኑ ዓይነት።

«እናትህ እንዳያዩት» አለችው። «ልጃቸውን የበላ ነገር ነው። አታፍርም?»

«አያዩትም።»

እሷ የማታ ፈረቃ ስለምትሠራ የሚሠራውን ብዙ አታይም። ካርቶኑ ግን ከቦታው እየተነሣ እየተመለሰ እንደሆነ ታውቃለች። ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው ቁም ሳጥኑን ስትከፍት ታንኩን ጭቃ በጭቃ ሆኖ አየችው። በውሃ ቀለም የተሠራ ጭቃ ነው፤ ለዓይን ግን እውነተኛ ነበር።

«አንተ ድንጋይ ነህ» አለችው። «ልብ የለህም።»

ሀምዳን አልተቆጣም። «ትንሽ ታገሺኝ። ስጨርሰው አሳይሻለሁ።»

«አላይም።»

በማግስቱ ከሚሠራበት የመኪና ማቆሚያ ደወሉላት። የገንዘብ መቀበያዋ ጎጆ ውስጥ እንደተቀመጠ ልቡ ቆሟል። ከጎጆዋ ፊት የተሰለፉት መኪኖች ጥሩምባ ሲነፉበት ነበር አሉ፤ የተኛ መስሏቸው።

ሶላተል ጀናዛው፣ የሟቹ ሶላት፣ ከመሰገዱ በፊት ኢማሙ ወደ ሰዉ ዞሮ፣ «ሐቅ ያላችሁ ዓውፍ በሉት፣ ይቅር በሉት» ሲል ሁሉም በአንድ ድምፅ «ዓውፍ ብለናል» አለ። ከሴቶቹ መካከል የቆመችው ሸፊቃ አፏን ከፈተች፤ ቃሉ አልወጣም። አላህ ፊት መዋሸት ፈራች። ከዚያ ወዲህ ሰው እየመጣ «ሶብር ይስጥሽ፣ ጀነት ይግባ» ሲላት «አሚን» ትላለች፤ ያ ያልወጣው ቃል ግን እንደ ዓሣ እሾህ ጉሮሮዋ ላይ ነው። ሃያ ዓመት አብሯት የኖረው ባሏ ዓውፍ ሳትለው አፈር ለብሷል። ደግሞ ልትለው ብትፈልግም አልቻለችም።

ሳሎኑ ሲሞላ ሹክሹክታው ይጀምራል። ሻይ ከፔርሙዝ እየተቀዳ፣ ቴምር እየዞረ፣ አንዷ ወደ አንዷ ታዘነብላለች።

«ቁጭ ብሎ በመጫወቻ ይጫወት ነበር አሉ።»

«ማን? ሀምዳን? ያ ቁም ነገረኛ?»

«ጭንቀት ነው እህቴ። ወንድ ልጅ አያለቅስ፣ አይናገር፣ የት ይሂድ?»

«ቀስ በይ፣ እናትየው ይሰማሉ።»

እናትየው አይሰሙም ወይም የሰሙ አይመስሉም። መቁጠሪያቸውን እያንቀሳቀሱ ግድግዳውን ያያሉ።

የሀምዳን ታናሽ ወንድም አብራር ሸፊቃን ኮሪደር ላይ አስቆማት። ቤልትስቪል ነው የሚኖረው፤ ኡበር ታክሲ ይነዳል። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

«ያ ነገር አሁንም እዚያው ነው?»

«እዚያው ነው።»

«ስሚ ሸፊቃ፣ ማዘር በስህተት ካየችው ሾክ ትሆናለች። ሀርት አታክ...» ፊቱን አዞረ። «ስጪኝ ብቻ። ባግ ውስጥ አድርጌ ታች ትራሽ እጥለዋለሁ።»

«ነገ።»

«ትናንትም ነገ ነበር ያልሽኝ።»

«ነገ አልኩህ እኮ አብራር!»

ለምን እንደማትሰጠው ለራሷም ግልጽ አልነበረም። የእጁ የመጨረሻ ሥራ ስለሆነ ነው እንዳትል ጠልታዋለች። ምናልባት እሱን ከጣለች የምትጣላው ነገር አይኖራትም። ሰውየው የለ፣ ታንኩ የለ፤ ጠቡን ከማን ጋር ነው የምትጨርሰው?

በማግስቱ ከዙሁር ሶላት በኋላ ቤቱ ትንሽ ቀለል ሲል ሴቶቹ በግድ አስተኟት። ስትነቃ ቤቱ ጭር ብሏል። የለቅሶ ቤት እንዲህ ጭር አይልም። ቀና ስትል የቁም ሳጥኑ በር ክፍት ነው።

ሻሿን እንኳ ሳታስተካክል ወጣች።

ሳሎኑ መሐል፣ ዝቅተኛው ጠረጴዛ ላይ፣ ንጹሕ ፎጣ ተነጥፏል። ታንኩ ፎጣው ላይ ነው። አረንጓዴ፣ እርጥብ፣ የሚያብረቀርቅ። አረጋሽ በአንድ እጇ የጥርስ ብሩሽ ይዛ፣ ፊቷ እንደ አመድ ሆኖ ቆማለች። ተቀምጠው የነበሩት ሁለት ሴቶች አንገታቸውን ደፍተዋል። አብራር የቆሻሻ ከረጢት ይዞ ከማድ ቤት እየሮጠ መጣ።

እናትየው እጃቸውን አነሡ። «ተወው።»

«ማዘር፣ ዝም ብለሽ አትዪው፣ እኔ...»

«ተወው አልኩህ!» ከዚያ ወደ አረጋሽ ዞሩ። «አንቺ ነሽ ያጠብሽው?»

«እኔ ነኝ እማማ። ሶፍት ስፈልግ የከለከለችኝን ሳጥን ከፍቼ አገኘሁት። የሟች ዕቃ በጭቃ ተለውሶ ባየው... ሰው አይቶ እንዳያማው፣ ለሸፊቃም ደስ ይበላት ብዬ። በሳሙና ነው ያጠብኩት፣ በለስላሳው።»

«ጭቃው እኮ ሥራው ነበር» አሉ ዓሪፋ።

አብራር ከረጢቱን እንደያዘ ቀረ። «አንቺ ይሄን ነገር ታውቂዋለሽ?»

«ጭቃውን የት ቦታ እንደሚያደርግ ማን የነገረው ይመስልሃል?»

ሸፊቃ ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

እናትየው የሚናገሩት ለእሷ ነበር። ዓይናቸው ግን ታንኩን አልለቀቀም። «መጀመሪያ ፊቴ ሲያስቀምጠው ጮኼበታለሁ። ያኔ ገና ቀለም አልነካውም። በነጠላዬ ሸፍኜ ውሰድልኝ አልኩት። አልወሰደም። ‹እማ፣ ቤቱ የት ጋ ነበር? አንቺ የት ቆመሽ ነበር?› አለኝ። ልጄ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ሁሉም የሚለኝ ተይው፣ አታንሺው ነው።»

«እማ...» አለች ሸፊቃ።

«አንቺ ሥራ ስትሄጂ እናወጣዋለን። የጫማ ካርቶኑ ቤት ሆነ። ይሄ መቁጠሪያዬ አጥር ሆነ። የውሃ በርሜሉ ተገልብጦ ግቢው በዚህ በኩል ጭቃ እንደነበር ነገርኩት፤ ይቀባና ‹እስከዚህ ነው?› ይለኛል። ይሳሳታል፣ ያጠፋዋል፣ እንደገና ይቀባል። እጁ ልምድ የለው።» የታንኩን ፊት ወደ ሸፊቃ አዞሩት። «እኔ ያን ሹፌር በየሶላቱ ስረግመው ነበር። እያያት ነው የገደላት ብዬ። ሀምዳን ደግሞ እርግማኔን ሲሰማ አይተኛም። ሲሠራው ነው ነገሩ የገባው። ሹፌሩ ከዚህ ከፊት ነው አሉ የሚቀመጠው፤ የሚያየው በጣት በምታክል መስታወት ነው። ከኋላው ብረት ብቻ ነው። ‹አላያትም እማ› አለኝ። ‹አላያትም።›»

«ወርዶ ማየት አይችልም ነበር?» አለች ሸፊቃ። ድምፅዋ የራሷ አልመሰላትም።

«ይችል ነበር። ሀምዳን ይህንንም አልደበቀኝም። ግን እያያት አይደለም። ከዚያ ወዲህ አልረገምኩም።»

«ለምን ለእኔ አልነገራችሁኝም? እማ፣ ለምን?»

«የሲሐም ስም በተነሣ ቁጥር እህል በአፍሽ አይዞርም። ‹ልጨርሰውና እኔው አሳያታለሁ፣ እስከዚያ አትስማ› አለኝ። እኛ ከአንቺ እንሸሽጋለን፤ አንቺ ከእኔ ትሸሽጊያለሽ። ቴሌቪዥኑን ስትቀያይሪ የማላይሽ መስሎሽ ነው?»

አብራር ከረጢቱን እያጠፈ፣ እያጠፈ፣ መዳፉ ውስጥ እስኪጠፋ ድረስ አሳነሰው። ከዚያ ወደ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ውሃውን ከፈተ። የውሃው ድምፅ ግን ልቅሶውን አልሸፈነለትም።

ሸፊቃ፣ «ድንጋይ ነህ» ያለችውን ሰው አሰበች። ያልወጣው ቃል አሁን እንደ ዋዛ ከአፏ ወጣ፤ «ዓውፍ ብያለሁ» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። አልቀለላትም። አሁን ዓውፍ መባል ያለባት እሷ ናት፤ የሚላት ሰው ግን ከመሬት በታች ነው።

«አፈር አመጣለሁ» አለች አረጋሽ በድንገት። እንባዋ አገጭዋ ላይ ደርሷል። «እኔ ያጠብኩትን እኔው አመጣዋለሁ። ከየት ነው የማመጣው? ከአበባው ሥር ይሆናል?»

«የትም አፈር አፈር ነው» አሉ ዓሪፋ።

አረጋሽ በነጠላ ጫማ ወርዳ፣ በእርጎ ዕቃ ሞልታ ተመለሰች። ዓሪፋ ከሻይ ብርጭቋቸው የቀረችውን አፈሰሱበት፤ በጣታቸው አማሰሉት፤ ሊቀቡ ሲሉ ግን ጭቃው ከጣታቸው ፎጣው ላይ ተንጠባጠበ። ዕቃውን ወደ ሸፊቃ ገፉት።

«አንቺ አድርጊው።»

ሸፊቃ ታንኩን ጉልበቷ ላይ አደረገችው። ከጠበቀችው በላይ ቀላል ነበር። ጣቷን ጭቃው ውስጥ ነከረች።

«እዚያ አይደለም፤ ከኋላ። በግራ በኩል። ዝቅ በይ። ሰንሰለቱ ውስጥም አስገቢው፣ አትፍሪው። እ፣ እሱ ጋ። እሱ ጋ ነበር።»

በሩ ተንኳኳ። ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከሥራ ቦታዋ፣ አምስት ስድስት ሴቶች ጫማቸውን እያወለቁ ገቡ። ከፊት የነበረችው ፀደንያ ሸፊቃን ወለሉ ላይ ስታያት ምን እንደያዘች እንኳ ሳታስተውል ተንበረከከችና እጇን ዘረጋችላት።

ሸፊቃ የራሷን እጅ አየችው። ጭቃው እስከ መዳፏ ወርዷል። ጣቶቿን አጥፋ አንጓዋን ሰጠቻት። ፀደንያ አንጓውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ግንባሯን አስደግፋበት፣ አለቀሰች። ሸፊቃ በሌላው እጇ ታንኩ ከጉልበቷ እንዳይወድቅ ደግፋ ይዛዋለች።