ጾመብኝ

ሻዕባን ድንኳኑ ውስጥ ሲገባ ሕብረት ንፍሮ ዘግና ወደ አፏ ልታደርስ ነበር። ዕለቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾምበት ረቡዕ፣ ሰዓቱ ገና ከጠዋቱ አምስት፣ የአባቷ የፈንታ ሣልስት ነው። ጎረቤታቸው እትዬ አሰገደች ንፍሮውን ያቀረበችው ለልጆችና ለማይጾሙ እንግዶች ነበር። ሕብረት የዘገነችው ግን ሆን ብላ፣ ይዩኝ ብላ ነው። ከጾም ከተጣላች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል።

የድንኳኑ ሰው ሁሉ ወደ ሻዕባን ዞረ። አሰገደች ወደ ሕብረት ጆሮ ጠጋ ብላ፣ ይሄ ሰውዬ ሊያለቅስ ነው ወይስ የጠላቱን መሞት ሊያረጋግጥ የመጣው ብላ አንሾካሾከች።

ነገሩ የጀመረው በፍየል ነው። የሻዕባን ፍየሎች የፈንታን በቆሎ እምሽክ አደረጉት። ፈንታ ቁጣው ቶሎ የሚነድ ሰው ነበርና በሰው ፊት «ለእግዜር ሰጥቼሃለሁ» አለው። ሳምንት ሳይሞላ ሻዕባን ታሞ ተኛ። ያን ሰሞን ደግሞ ፈንታ ያለ ወቅቱ ጾም ያዘ፤ ምሳውን በጨርቅ ቋጥሮ ይወጣል፣ የት እንደሚያደርሰው ማንም አልጠየቀውም። ሻዕባን ሲሻለው ገበያ መሀል ቆሞ «ፈንታ ሰባት ቀን ጾመብኝ፤ ጸለየብኝ» ብሎ ተናገረ፤ ብዙ ሳይቆይም ወደ ዘመዶቹ ወደ ሆሞሻ ሄደ። አበቃ። የሰፈራ መንደሩ ሁሉ፣ ፈንታ ሱባኤ የገባበት ሰው አይበረክትም እያለ ይሸሸው ጀመር።

ሕብረት አባቷን ፊት ለፊት ጠይቃዋለች። ፈንታ አንገቱን ደፍቶ «ለእግዜር ሰጥቼሃለሁ ማለቴ እውነት ነው። የቀረውን እሱ ያውቃል» ብቻ አላት። እሷም፣ ሰው ለመጣል ከሆነ ጾሙም ጸሎቱም በአፍንጫዬ ይውጣ ብላ ጉባ ወረደች፤ ለግድብ ሠራተኞች ወጥ ስትሠራ ኖረች። እውነቱን ሳታውቅ ቀበረችው። ከሞቱ ይልቅ ያንገበገባት ይሄ ነው።

ሻዕባን ሰሌኑ ላይ ቁጭ አለ። አርጅቷል። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«አንተ ልጁ ነው?» አላት። በበርታ ቋንቋ አፉን የፈታ ነውና አማርኛው ወንድና ሴት አይለይለትም።

«ነኝ» አለች ኮስተር ብላ።

«አላህ ይርሐመው። ሰባት ቀን ጾመብኝ። ቤቴ መጣ፣ እጄን ያዘ፣ ጸለየብኝ። እኔ ታመመ፤ ልጆቼ ምግብ የለም። እሱ አልበላም፤ ምሳውን ለልጆቼ አመጣብኝ።»

ሕብረት ክው አለች። አመጣብኝ? ምሳ ደግሞ በሰው ላይ ይመጣል እንዴ?

«ቆይ፣ አባባ ሻዕባን» አለች እየተንተባተበች። «አመጣብኝ ነው ወይስ አመጣልኝ?»

ሽማግሌው ግራ ገብቶት አያት። «ሁለቱ አንድ አይደለም?»

አንዲት ፊደል! ሕብረት ከተቀመጠችበት ተስፈንጥራ ተነሳች። «ለእርስዎ ነው የጾመው! አባዬ የጾመው ለእርስዎ ነው!» እያለች፣ ሐዘንተኛ መሆኗን ረስታ፣ እያለቀሰች ሳቀች። አሰገደች ያንን ወሬ እሷም ስታቀብል ኖራለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሕብረት ግን የምትወቅሰው ሰው አላሻትም፤ ደስታው አላስቆም አላስቀምጥ ብሏታል። አባቷ በቁጣ የተናገረው አሳፍሮት፣ በአፉ የበደለውን በሆዱ ካሰ። የጾመውን እንዳያወራው ደግሞ ጉራ መሰለው። አሁን ቢኖር ጉልበቱን ትስመው ነበር።

ንፍሮው አሁንም እጇ ውስጥ ነው፤ አልቀመሰችውም። ሻዕባን ከሆሞሻ ሲነሳ ቁርስ እንኳ እንዳልበላ ነገራት። ተንበርክካ መዳፉን ከፈተችና ንፍሮውን ገልብጣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈችለት።

«ይብሉልኝ» አለችው፣ «ልኝ»ን ረገጥ አድርጋ።

ሻዕባን ቃሉን በአፉ ውስጥ አላመጠና «እሺ፣ እበላልሃለሁ» አላት።

ሕብረት ባዶ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ልትጠብቅ ከጎኑ ተቀመጠች።