ደብተሩ ላይ የጻፍኩት አራት

ባለቤቴ ራዲሳቭ የሚያመውን አይናገርም። ሠላሳ አንድ ዓመት ለጡብ ፋብሪካ ከባድ መኪና ሲነዳ ወገቡ አለቀ። የአከርካሪው ዲስክ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ሕመሙ ግን ወደ ግራ እግሩ ወርዶ እዚያው ቀረ። ያኔም ቢሆን ጎረቤት “እንዴት ነህ?” ሲለው መልሱ “ደህና፣ ተመስገን” ነበር። ከአሥር ስንት እንደሚያመው የሚነግረው ለእኔ ብቻ ነው፣ ያውም ከስንት ጭቅጭቅ በኋላ። ያን ጊዜ ዘጠኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት በኅዳር ሚካኤል ዕለት ተቀመጠ። የቤታችን መልአክ ሚካኤል ነው፤ በዕለቱ የመጨረሻው እንግዳ እስኪወጣ ድረስ የቤቱ ጌታ ቆሞ ነው የሚያስተናግደው። አባቱም አያቱም ቆመዋል። ራዲሳቭ ግን ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ወንበር ያዘ፤ ከኖቪ ሳድ ከተማ የመጣው ልጃችን ኔቦይሻ በእሱ ፋንታ ቆመ። እንግዳው መብላት መጠጣቱን ቀጠለ። እሱ ግን ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ፤ እኔም በንዴት አንድ ሁለት ሳህን ሰብሬያለሁ።

ነሐሴ ላይ ቤልግሬድ ያለች አንዲት ሐኪም ስለ መሣሪያው ነገረችን። የክብሪት ቀፎ የምታክል ነገር ከዳሌው በላይ ከቆዳው ሥር ትቀበራለች። ከእሷ የሚወጡት ቀጫጭን ሽቦዎች አከርካሪው ውስጥ ገብተው ኤሌክትሪክ ይልካሉ፤ ሕመሙም መንገድ ላይ ይደናገራል። ከዚያ በፊት ግን የአንድ ሳምንት ሙከራ አለ፤ ሽቦው ገብቶ መሣሪያው ውጭ ቀበቶ ላይ ይንጠለጠላል። ሐኪሟ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ያዘችኝ።

“ወይዘሮ ዴሳንካ፣ ይህ ሕመሙን አያጠፋም” አለችኝ። “በግማሽ ከቀነሰ ተሳካ እንላለን። ካልቀነሰ ሽቦውን አውጥተን እንሸኛችኋለን። በቀን ሦስት ጊዜ ቁጥሩን ይጻፉልኝ፣ እውነቱን።”

“እውነቱን” ስትል ዓይን ዓይኔን ነበር የምታየኝ። ከእኔ በፊት ብዙ ሚስቶች አይታ ይሆናል።

ለሙከራው ሽቦው ገብቶለት ቤት በገባን ማግስት ደብተሬን ከፍቼ “ስንት ነው?” አልኩት።

“ስድስት።”

ስድስት የዘጠኝ ግማሽ አይደለም፤ ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። ስድስት ብዬ ብጽፍ ሽቦው ይወጣል፣ ራዲሳቭ ወደ ግድግዳው ይዞራል፣ እኔም ቀሪ ዘመኔን ከጀርባው ጋር እኖራለሁ። አራት ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱም አራት፣ ከዚያም አራት፤ ኀሙስ ዕለት እንዲታመን ብዬ አምስት አደረግኩትና እንደገና ወደ አራት መለስኩት። ሐኪሟ ገጾቹን አገላብጣ “በጣም ጥሩ፣ ከግማሽ በላይ ለቆዎታል” አለችው። ራዲሳቭ ቀና ብሎ አያት። ግራ የገባው መሰለኝ። መሣሪያውን ቀበሩለት።

ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት ማጎንበስ፣ መጠማዘዝ፣ ክንድን ከትከሻ በላይ ማንሳት ክልክል ነው ተባለ። ካልሲውን የማጠልቅለት እኔ፣ ጫማውን የማስርለት እኔ፤ ለሰው ሁሉ የሚያወራው ግን ስለ ኤሌክትሪኩ ነው። ጎረቤታችን ስቬቶዛር ቡናና ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀው መጣ። መሣሪያው ቻርጅ እንደሚደረግ ሲሰማ ዓይኑ ፈጠጠ።

“መብራት የጠፋ ቀን ታጥፈህ ልትቀር ነዋ!”

“አንተ ያለ ቻርጅም ታጥፈሃል” አለው ራዲሳቭ። ተሳሳቁ። ሳቁ ሳያልቅ፣ “ሐኪሟ ከግማሽ በላይ ለቆሃል ብላኛለች። ለሚካኤል ቆሜ ነው የማገኛችሁ” አለ።

ስቬቶዛር ወሬውን እስከ ማታ ለመንደሩ አዳረሰው። እኔም ማድቤት ሆኜ ያለውን ሁሉ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ቁጥር ስጠይቀው “ደህና ነው” ብቻ ሆነ መልሱ። አጥብቄ አልጠየቅኩትም፤ መልሱን ፈራሁት።

የሚካኤል ዕለት እሑድ ዋለ። ቄሱ ዳቦውን ባረኩ፣ ለበዓሉ የተቀቀለው ስንዴ ዞረ፣ እንግዳው ገባ። ራዲሳቭ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ በሩ አጠገብ ቆሞ ራኪያ የሚባለውን አረቄ ይቀዳል። የመጀመሪያው ሰዓት በሰላም አለፈ። በሁለተኛው ቀኝ እጁ ከኪሱ አልወጣ አለ፤ የመሣሪያው መቆጣጠሪያ እዚያ ነው፣ የኤሌክትሪኩን ኃይል እየጨመረ ነበር። ግራ ጭኑ ሱሪው ውስጥ ሲዘል በዓይኔ አየሁ።

“አባዬ፣ ትንሽ አረፍ በል፣ እኔ እቀዳለሁ” አለው ኔቦይሻ።

“እንግዳ እያለ ልቀመጥ? ይልቅ አንተ ሾርባውን አቅርብ።”

ሦስተኛው ሰዓት ላይ የብርጭቆ ትሪ ሲያነሳ እግሩ ከዳው። ብርጭቆዎቹ ተበተኑ፤ እሱም ግድግዳውን ተደግፎ ተንሸራተተና ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ይኼኔ ሰው ሁሉ ሥራው ትዝ አለው። አንዱ ላሜ አልታለበችም፣ አንዷ ሕፃን ጥዬ መጥቻለሁ እያሉ ተነሡ፤ ገና ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ቤቱ ባዶ ሆነ። ቢስቁበት ይሻል ነበር። ኔቦይሻ ሊሸኛቸው ወጣ።

ላነሳው ስጠጋ “ተይኝ” አለኝ። ቀጥሎም ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረ። “ማሽኑ ምንም አልሆነም። ከግማሽ በላይ ለቆሃል አለችኝ እኮ፤ እሷ አይታ ነው የምትናገረው። እኔ ነኝ የማልረባው። ሰው የለቀቀው ሕመም እንዴት ያመዋል? ፈሪ ሆኛለሁ፣ ዴሳ።”

ምነው ጆሮዬ በደነቆረ ኖሮ። እኔ በጻፍኩት የውሸት ቁጥር የተነሣ ሁለት ወር ሙሉ ራሱን ሲሰድብ ከርሟል።

“ምንም አላየችም” አልኩት። “ያየችው የእኔን ደብተር ነው። አንተ ስድስት ትለኛለህ፣ እኔ አራት እጽፋለሁ። ግማሽ ካልሞላ አንቀብርለትም ብላኝ ነበር።”

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድበኝም ይገባኝ ነበር።

“ስድስት አልነበረም” አለ።

“ምን?”

“ማታ ማታ ስታለቅሺ እሰማሽ ነበር። ትንሽ ደስ ይበላት ብዬ ነው ስድስት ያልኩሽ። ሰባት ነበር። ስምንት የሆነበትም ቀን አለ።”

መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ። ሁለት ያረጀን ውሸታሞች በብርጭቆ ስብርባሪ መሃል ቀርተናል። በእሱም በራሴም ተናደድኩ፤ ንዴቴ ሲበርድ ግን አጠገቡ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

“አሁንስ ስንት ነው? ለእኔ ብለህ እንዳትነግረኝ።”

“ዘጠኝ። አሥርም ይሆናል።”

“ትናንትስ? ጠዋት ወንዙ ድረስ ሄደህ ስትመለስ?”

ዓይኑን ጨፍኖ ቀኑን አስታወሰ።

“ስድስት” አለ።

“እውነትህን ነው?”

“እውነቴን ነው። ከትናንት ወዲያም ስድስት ነበር። ያለፈው ሳምንት በሙሉ።” ግራ ጭኑን በእጁ ያዘ። “ከዘጠኝ ስድስት ገብቼ ነበር፣ ዴሳ፤ እኔ ግን ግማሽ ስላልሞላ ምንም እንዳልተደረገልኝ ቆጠርኩት።”